ለሐዋ፣ ስለዚያች ብርዳም ከተማ

ይድረስ ቦሩ ሜዳ ላይ ላረፍሽው ለሐዋዬ፤

ደብዳቤ ሲጀመር መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። እኔ ምን ብዬ ልጠይቅሽ? ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። አንቺ ከሞትሽ ሁለት ዓመት ከአንድ ወር ነው። እኔ መርዶሽን ከሰማሁ ገና ዓመት ተመንፈቅ። ሰው ሚስትህ ከሞተች ስንት ጊዜ ሆናት ሲለኝ የትኛውን እንደምናገር ግራ ይገባኛል።

ስለ ቤታችን ልንገርሽ። እናትሽ ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር ድረስ መጥተው ከኔ ጋር ናቸው። የጓሮው ኮክ ዘንድሮ አፈራ፤ እሳቸው አንዷን እንኳ ሳይቀምሱ ለጎረቤት አደሉት። ራዲዮኑ ተበላሽቷል፤ ያሠራውም የለ። እኔ እንደ ድሮው ጠዋት በፋብሪካው ሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት ወርጄ ኮምቦልቻ እገባለሁ፤ አሁን የሽመና ክፍል የፈረቃ ኃላፊ አድርገውኛል። ወንድምሽ አሊ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ወደ ሰሜን ከሄደ ዘጠኝ ወሩ ነው። ደብዳቤው ከተቋረጠ አምስት ወር አለፈው። ቀበሌ ሄጄ ብጠይቅ ጠብቅ አሉኝ። እየጠበቅሁ ነው።

ፋብሪካው ጌታቸውን፣ እንድሪስንና እኔን የማሽን ጥገና እንድንማር ወደ ፕራግ የላከን ጊዜ፣ መናኸሪያ ላይ ያልሽኝን ታስታውሻለሽ? ከኮምቦልቻ ወዲያ አገር አላውቅም፤ ያየኸውን ሁሉ ጻፍልኝና ባንተ ዓይን ልይ አልሽኝ። እኔም እሺ አልሁ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል!

አንቺ ተናግረሽ አሊ እየጻፈ የላክሽልኝ ደብዳቤ በየሦስት ሳምንቱ ይደርሰኝ ነበር። ከግርጌው መሠረተ ትምህርት በገራው እጅሽ ስምሽን፣ ሁለቷን ፊደል፣ ትጽፊያለሽ፤ ዋ ሁልጊዜ ወደ ጎን ትወድቃለች። ከተማው ምን ይመስላል ትይኛለሽ። እኔ፣ ከተማ ነው፣ ብርድ ነው፣ ደህና ነኝ ብዬ እመልሳለሁ። እንድሪስና ጌታቸው እሑድ እሑድ አገር ሊያዩ ሲወጡ እኔ ብርድ ልብስ ተከናንቤ እተኛለሁ። ድንጋይ ለማየት የጦሳ ተራራ መች አነሰኝ እላቸው ነበር። ነገ ነገ ስል ወራት ሄዱ።

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና አንቺም ጥፋት አለብሽ። ስሄድ ያስልሽ ነበር። ምንድነው ብልሽ አቧራ ነው አልሽኝ። እውነቱን ብትነግሪኝ እንደምቀር ስለምታውቂ ነው አይደል? ደግሞ ሳቅሽብኝ፤ ሴት ስላሳላት ባል መንገዱን ይተዋል እንዴ ብለሽ። እኔም አብሬሽ ሳቅሁ።

ጥር ሲያልቅ አንድ ደብዳቤ መጣ። በላክሁልሽ ፖስት ካርድ ላይ ያለው ድልድይ ግራና ቀኙን የቆሙት ሰዎች ናቸው ወይስ ድንጋይ? ሰዎች ከሆኑ በዚያ ብርድ ምን ያቆማቸዋል? ይላል። ብቻዬን ሳቅሁና አፈርሁ። በነጋታው እሑድ ነበር፤ እንድሪስን ቀስቅሼ ዛሬ እኔም እሄዳለሁ ስለው ታመሃል እንዴ ብሎ ግንባሬን ዳሰሰኝ።

ያን ቀን የነበረው ብርድ የደሴን ብርድ ሙቀት ያሰኛል። የጌታቸው ጢም ላይ በረዶ ሠርቶበት እንድሪስ ሽማግሌ ሆነሃል፣ መርቀን እያለ ይከተለው ነበር። ድልድዩ ላይ አንድ በአንድ እየቆምሁ ቆጠርሁልሽ፤ ሁሉም ድንጋይ ናቸው፤ አንዳንዶቹ ትከሻቸው ላይ በረዶ ተከምሮ ጋቢ የደረቡ ይመስላሉ። ከዚያ አደባባዩ ላይ ያለውን ትልቅ ሰዓት አየን። ሰዓቱ ሲሞላ ምስሎች በመስኮት እየወጡ ይዞራሉ፤ ከሥር አንድ ዐፅም ቆሞ ደወል ይስባል። እንድሪስ አዑዙ ቢላሂ ብሎ ወደ ኋላ ሲሸሽ አንዲት አሮጊት ላይ ሊወድቅ ነበር፤ እስኪያመን ሳቅን። ጌታቸው በተዋሰው ካሜራ ፎቶ ያነሳን ያኔ ነው። በፎቶው ላይ አፌ ተከፍቶ ጥርሴ ሁሉ ይታያል። አንቺ አፈር ከለበስሽ ወር ሞልቶሽ ነበር።

ስምንት ገጽ ጻፍሁልሽ፤ ፎቶውንም ጨመርሁ። ከዚያ በኋላ እሑድ አላመለጠኝም። ግንቡን፣ ወንዙን፣ ትራሙን፣ በገበያቸው ዓሣ በበርሜል ውስጥ በሕይወቱ ሲሸጥ ያየሁትን፣ ሁሉን ጻፍሁ። መልስ ይመጣል፤ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። ከግርጌው ያለችው ዋ ቀጥ ብላ ቆማለች። ደስ አለኝ ሐዋ። ጎበዝ፣ እጅሽ ተፍታታ ብዬ አሞገስሁሽ። ለጓደኞቼም ሚስቴ ፊደል ለየች ብዬ አሳየኋቸው። እንድሪስ ወረቀቱን አየና አጥፎ መለሰልኝ። እሱ መሞትሽን ከቤቱ ሰምቶ ኖሯል።

በሐምሌ ስንመለስ አውቶቡሱ ኮምቦልቻ ሲቆም አጎቴና አሊ ጠብቀው አወረዱኝ። ደክሞሃል፣ እዚሁ እደር፣ ሐዋ ለሕክምና ቦሩ ሜዳ ናት፣ ነገ ትሄዳለህ አሉኝ። የሰው አገር ሰው መርዶ በወረቀት አይላክለትም፤ መጥቶ፣ አድሮ፣ በማለዳ በሽማግሌ አፍ ነው የሚነገረው። ይህን እኔም አውቃለሁ፤ በሌላ ሰው ላይ ስንቴ አብሬ ደብቄያለሁ። በራሴ ላይ ሲሆን ግን አልታየኝም። ከሱብሂ ሰላት በኋላ ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው አንድ በአንድ ሲገቡ፣ አንዳቸውም ፊቴን አላዩም። አብሽር፣ አይዞህ ልጄ አሉኝ። ሌላ ምንም ሳይሉ ገባኝ። የገዛሁልሽን ባለ ጠጉር አንገትጌ ካፖርት ይዤ የመጣሁበት ሻንጣ ከእግሬ ሥር ነበር።

ለቅሶው ሲበርድ አሊን ክሳዱን ይዤ ለምን ብዬ ጮህሁበት። የሞተች እህትህን ስም እንዴት ትፈርማለህ አልሁት። እያለቀሰ የነገረኝ ይህን ነው፤ ቦሩ ሜዳ ተኝተሽ ሳለ ጠርተሽ፣ ሰይድ ትምህርቱን ሳይጨርስ እንዳይሰማ፣ ደብዳቤው እንዳይቋረጥ፣ ይህን ይህን ጠይቅልኝ ብለሽ አራት ጥያቄ በጣትሽ እየቆጠርሽ አስይዘሽዋል። እናትሽም ወላሂ እውነት ነው ይሉኛል።

ልመን ወይስ አልመን? ስድስት ወር ሙሉ መዋሸት የቻለ ቤት እኔን ለማጽናናት አንድ ውሸት መጨመር አያቅተውም። አሊን ደግሜ ልጠይቀው አሰብሁ፤ ሳልጠይቀው ወሰዱት። አሁን ጥያቄዎቹ ያንቺ ይሁኑ የሱ የሚነግረኝ ሰው በምድር ላይ የለም። ምንም ማድረግ አልችልም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ እኔም ደብዳቤዎቹን እያወጣሁ አነባለሁ፤ እመልሳለሁ፤ እንደገና አወጣለሁ።

አራተኛው የደረሰኝ በሚያዝያ ነው። በረዶው ሲለቅ ከሥሩ የሚወጣው ሣር ነው ወይስ ጭቃ? ይላል። ይህን አሊ ከራሱ አያመጣውም፤ አንቺ ነሽ እላለሁ፤ ደግሞ እጠራጠራለሁ። ያኔ ፈተና ደርሶብኝ ነበርና በአንድ መስመር፣ ስመጣ በቃሌ እነግርሻለሁ ብዬ መለስሁልሽ።

ባለፈው ዓርብ ቦሩ ሜዳ መጥቼ ነበር። ዱዓ አድርጌ እንደጨረስሁ ልነግርሽ አፌን ከፈትሁ። ሳልነግርሽ ተነሥቼ መጣሁ። እንግዲህ በወረቀት ይሁንልሽ።

መጀመሪያ ጭቃ ነው ሐዋዬ፤ ጥቁር፣ ጫማ የሚያስጠላ ጭቃ። ቀጥሎ ሰው በክረምቱ የጣለው ሁሉ ብቅ ይላል፤ ቁልፍ፣ የሕፃን ጫማ፣ አንድ እጅ ጓንት። ያገኘ ሰው አንስቶ አጥር ላይ ይሰካዋል፤ ባለቤቱ ሲያልፍ እንዲያየው። ወንዙ ዳር ግን ሣር ነው። ጎንበስ ብዬ በእጄ ነካሁልሽ፤ እርጥብ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ያን ሁሉ ወር ከሥር አረንጓዴ ሆኖ ኖሯል።

ያችን ከተማ ለራሴ ብቻ አይቻት ቢሆን እስካሁን በረሳኋት ነበር። ያንቺ ናትና አንዷን ድንጋይ እንኳ አልረሳብሽም። ሌላ ጥያቄ እንደማይመጣልኝ አውቃለሁ፤ እኔ ግን መመለሴን አልተውም።

ባልሽ ሰይድ