ለደቦል የላክሽው ብሩሽ

ልጄ የብርጓል፣ ያለሽበትን አገር እግዜር የሰላም ያድርግልሽ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም አምሯል።

ለውሻችን ለደቦል የላክሽው ብሩሽ ሲደርሰን፣ «ውሻ ደግሞ ይበጠራል?» ብዬ ስቄ ነበር። አባትሽ ግን ቀኝ ጎኑን ከታመመ ወዲህ ደጅ እየተቀመጠ ይተክዛልና ተቀበለኝ። መጀመሪያ በግራ እጁ ብቻ ነበር የሚያበጥረው። የተቋጠረውን ረጅም ፀጉር ለመፍታት አንድ እጅ አልበቃ ሲለው፣ አልታዘዝ ያለው ቀኙ ቀስ እያለ ማገዝ ጀመረ። ትናንት ከደቦል ጆሮ ሥር መዥገር ነቅሎ፣ «ይኸው፣ አየሽልኝ?» አለኝ። እኔ ያየሁት የቀኝ እጁን ጣቶች ነው። ዘወር ብዬ አለቀስኩ።

እጅሽ ይባረክ ልጄ። እመብርሃን በሄድሽበት ትከተልሽ። እሁድ ስትደውይ አስቀድመሽ አባትሽን አስጠሪው፤ ስልኩን በቀኙ ይዞ ያናግርሽ።

እናትሽ