ከሚጡ ሻይ ቤት በታች ያለው መሬት

ጥር 4

ተራ ቀን። የመሬት መሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት ፋይል ስደረድር ዋልኩ። አቧራው አፍንጫዬን ዘጋው። ከሥራ ስወጣ እማዬን ልጠይቅ ወደ ወንዙ ወረድኩ።

የእህቴ ሻይ ቤት እንደ ወትሮው ጢም ብሏል። ግማሹ መሬት ላይ፣ ግማሹ ውኃው ውስጥ በተተከሉ ስምንት ግንዶች ላይ። መቀመጫ አጣሁ። ሰው ሁሉ «ሚጡ፣ ሚጡ» ይላል። አርባ አራት ዓመቷ ነው እኮ! አባባ ያወጣላት ስም ነው። ለእኔስ ምን አወጣልኝ? ምንም።

እማዬ ከጓዳ ባለችው ክፍሏ ቁጭ ብላለች። እኔ ጋ ትንሽ ሰንበቺ ብላት፣ «እዚህ ነፋሱ ይስማማኛል» አለችኝ። የእኔ ቤት ነፋስ አያውቅም? ሁለት መስኮት አለኝ...

ቀናሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

ጥር 11

ከላይ መመሪያ መጣ። ጀልባ የሚሄድበት ወንዝ ከሆነ፣ ከውኃው በታች ያለው መሬት የመንግሥት ነው። የማይሄድበት ከሆነ እስከ ወንዙ እኩሌታ የዳርቻው ባለይዞታ ድርሻ ነው። አሁን ውኃው ጥልቅ ነው፣ ማንም ይሄድበታል። የመሥሪያ ቤታችን ቀያሽ እንዳስረዳኝ ግን የሚመዘነው ውኃውን የሞላው ታች ያለው ግድብ ከመሠራቱ በፊት ወንዙ የነበረበት ሁኔታ ነው። ያኔ ጭነት የያዘ ጀልባ ያልፍ ከነበረ፣ የሚጡ ስምንት ግንዶች የቆሙት በመንግሥት መሬት ላይ ነው። ይነቀላሉ።

በሻይ ቤቱ ላይ ፋይል ተከፈተ፤ ቁጥር የሰጠሁት እኔው ነኝ። ደነገጥኩ? አልደነገጥኩም። ደስ አለኝ። አዎ... ደስ አለኝ።

ጥር 12

ያልፍ ነበር እንጂ! ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? አባባ ጀልባ ጠጋኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ጀልባዋ ዳር ላይ ታስራ፣ እሱ መቅዘፊያ ይዞ፣ ሚጡ የእሱን የዝናብ ካፖርት ለብሳ፣ እጅጌው እስከ ጉልበቷ ተንጠልጥሎ... «እስከ መታጠፊያው ሄደን መጣን!» ትለኛለች። በየቀኑ።

«አባባ፣ ነገ እኔን።»

«ነገ ትምህርት አለሽ።»

አንድ ቀን እንኳ! ምን ነበረበት?

ፎቶም አለ። ሁለቱን ጀልባዋ ውስጥ እንዳሉ አንድ የአባባ ደንበኛ ነው ያነሳቸው። ከእማዬ ሳጥን የሰረቅኩት የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ ነው። እማዬ ስንት ዓመት ፈለገችው። አብሬያት ፈልጌያለሁ።

ጥር 19

አጣሪዎቹ ሻይ ቤቱ ድረስ መጡ። አለቃዬ፣ ቀያሹ፣ ቃል የምጽፈው እኔ።

ሚጡን ጠየቋት። «አባቴ በጀልባ ወስዶኝ አያውቅም» አለች። ዓይኗን በጨው አጥባ! ቃል በቃል ጻፍኩት። ዕድሜዬን ሙሉ ልሰማው የፈለግኩት ቃል ነበር፤ አሁን ለስምንት ግንድ ብላ ስትለው ግን ደሜ ፈላ። እኔ በሰጡኝ ብዬ የኖርኩትን እሷ እንዲህ ትጥለዋለች?

እማዬም ቀጠለች። «ጀልባዎቹ የሚመጡት ከታች፣ በጋሪ ነበር። ሲጠገኑም በጋሪ ይመለሳሉ።»

አለቃዬ በጆሮዬ፣ «እናት ናት፣ ለልጇ ትመሰክራለች» አለኝ። እኔም ጋሪ አይቼ አላውቅም፤ ሲያመጡም ሲወስዱም ትምህርት ቤት ነኝ። ለእኔ ብላ እንዲህ ትዋሽ ነበር?

ጥር 20

ፎቶውን ፋይሉ ውስጥ ከተትኩት።

ጥር 21

ሻይ ቤቱ ከፈረሰ እማዬ የት ትሄዳለች? ወደ እኔ ነዋ። ወደ ሁለቱ መስኮቶቼ። ይህን ቀድሜ አስቤ ነበር?

አስቤ ነበር።

ጥር 27

ሻይ ቤቱ እንደገና ተሰበሰብን። ቀያሹ ፎቶውን አሳድጎ አሳትሞት መጣ። አለቃዬ ገና ሲያየው፣ «ይኸው ጀልባ፣ ይኸው መቅዘፊያ፤ አለቀ!» አለ። የሚጡ ፊት አመድ መሰለ። እኔ ወረቀቴ ላይ አቀረቀርኩ።

ቀያሹ ግን አጉሊ መነጽሩን አወጣ።

«ቆይ እስቲ... ልጅቷ የዝናብ ካፖርት ለብሳለች። የዝናብ ወቅት ነው ማለት ነው። ውኃው ከዚህ በላይ አይሞላም። ጀልባዋን እዩዋት እስቲ፤ አልተንሳፈፈችም እኮ! ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላለች። ይኸው ከሥሯ ይታያል። አንድ ሰውና አንዲት ፍሬ ልጅ ይዛ፣ በዝናብ ወቅት ካልተንሳፈፈች፣ ጭነት የያዘችው በየት በኩል ታልፋለች?»

ሁሉም ተጠጋግተው አዩ። እኔም አየሁ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳየው የኖርኩት ፎቶ ነው። የማየው ፊቷን ነበር። ፊቷንና ካፖርቱን።

«ማን አገኘው?» አለች ሚጡ።

«እህትሽ ናት ያመጣችው» አለ ቀያሹ።

አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «እትዬ! አንቺ ባትኖሪ ምን ይውጠኝ ነበር?»

እማዬ ዋናውን ፎቶ ተቀብላ አገላብጣ አየችው። ከዚያ እኔን አየች።

የካቲት 2

ውሳኔው ወጣ። እስከ ወንዙ እኩሌታ የሚጡ ነው። ግንዶቹ አይነኩም። መሥሪያ ቤት ሁሉም ያመሰግነኛል። «እህት ማለት እንዲህ ነው» አለችኝ ጽዳቷ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

የካቲት 3

ሻይ ቤቱ ሳይከፈት ሄድኩ። ሚጡ ብርጭቆ ትወለውላለች። ነገርኳት። ፎቶውን እንደሰረቅኩት፣ ፋይሉ ውስጥ የከተትኩትም ሻይ ቤቱ እንዲፈርስባት እንደሆነ።

«ለምን?»

«እስከ መታጠፊያው ይወስድሽ ስለነበር» አልኳት። የአርባ ስምንት ዓመት ሴትዮ!

«ውሸቴን ነበር እኮ፣ እትዬ። አንቺ ደብተርሽን ይዘሽ ትመጫለሽ፣ ዛሬ ይህን ተማርኩ ትያለሽ። እኔ ምን ልበል? ቅናት ገደለኝ... መታጠፊያው አልኩሽ።»

እሷ? በእኔ?

«ታዲያ እዚያች ጀልባ ውስጥ ምን ትሠሩ ነበር?»

«አንቺን እንጠብቅሻለን። ጀልባዋ ላይ ሲቀመጡ የትምህርት ቤቱ መንገድ ይታያል። አባባ ‹ቀድሞ ያያት ያሸንፋል› ይለኝ ነበር።»

«ማን ያሸንፍ ነበር?»

«እሱ ነዋ። ሁልጊዜ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል። «አሁን ሂጂልኝ። ዛሬ ላይሽ አልችልም። ነገ ነይ።»

በጓዳ በኩል ወጣሁ። እማዬ ፎቶውን ግድግዳዋ ላይ ሰቅላዋለች። ቆሜ አየሁት። ሁለቱም ፎቶ አንሺውን አያዩም። ከትከሻው በላይ አሻግረው፣ ወደ መንገዱ ነው የሚያዩት።