ዝምታ ቆራጩ ፕሮግራም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፤

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህ ደኅና ናት? የልጅህ የሶልያና ሳል ተሻላት ወይ? እኛ ዘንድ ክረምቱ ገብቷል፤ ጭቃው ከቤት አላስወጣ ብሎናል። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ሮብ ገበያ መጥቼ ከአባባ ዘንድ ነኝ፤ ይህንም የምጽፍልህ ከራስጌያቸው ተቀምጬ ነው። ጤናህን የጠየቅሁት ከልቤ ነው። ከዚህ በታች ያለውን ግን የምጽፈው በንዴት ነው። በለሰለሰ ቃል ልጻፈው ብዬ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ እንደገና ጀመርሁ፤ አልለሰልስ አለኝ።

በወረቀት መጻፌ እንዳይገርምህ። ስልክ ስደውል ስብሰባ ላይ ነኝ ብለህ ትዘጋለህ። በቴሌግራም ስጽፍልህ ማየትህን የሚናገረው ምልክት ይመጣል፤ መልስ ግን አይመጣም። ስለዚህ ሾፌሩ የሺዋስ ደብዳቤውን በሚኒባሱ አዲስ አበባ ድረስ ይዞልህ ይመጣል፤ እጁ ላይ ሳታኖር እንዳትመለስ ብዬዋለሁ። ጉዳዩ የአባባ ፊልም ነው፤ ከፊልሙ ውስጥ የጎደለው ቃላቸው።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላልና ከመጀመሪያው ልነሣ። አካለ ወልድ የአባባን የቅኔ ተማሪዎች ወክሎ ቤታችን መጥቶ፣ ከፋሲካ በኋላ ደብረ ማርቆስ ተሰብስበን የኔታን ልናከብራቸው ነውና በአዳራሽ የሚታይ የሕይወታቸውን ፊልም አዘጋጁልን ሲል፣ በስልክ እሺ ያልኸው አንተ ነህ። እኔ የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ፣ ፊልም ምኔ ነው ስልህ፣ ዘመኑ የስልክ ነው፣ ቅረጫቸው፣ ከዚያ ርካሽ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፈልገሽ ቆራርጠሽ መቀጠል ነው አልኸኝ። እንዲህ ቀላል አድርገህ ነው ያወራኸው። ጥር ላይ ሄጄ ቀረጽኋቸው።

ከዚያ የፕሮግራም ፍለጋው ፍዳ መጣ። አንተ የመረጥህልኝ በየወሩ በዶላር የሚከፈልበት ነበር። የእኔን የባንክ ካርድ ከአባይ ማዶ የሚያውቀው የለም፣ ዶላር ከየት ላምጣ ብልህ ሳቅህ። ነጻ የተባለውን አወረድሁ። ስንት ቀን ደክሜበት ሠርቼ ስጨርስ፣ የራሱን ስም በትላልቅ የፈረንጅ ፊደል አባባ ግንባር ላይ፣ ልክ ከጥምጥማቸው ሥር አትሞ ሰጠኝ። ጽሑፉ እንዲነሣ ከፈለግሽ ክፈይ ይላል። ቀጥሎ ዘመነ፣ መናኸሪያው አጠገብ ኮምፒውተር የሚጠግነው፣ ይኼ ቁልፉ የተሰበረ ስለሆነ አይከፈልበትም ብሎ አንዱን ጫነልኝ። ከፕሮግራሙ ጋር ቫይረስ ገባና የተማሪዎቼን ፈተና ሳይቀር በላው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የተባለው ለእኔ ነው። ደግነቱ የአባባ ምስል ስልኬ ላይ ነበረ።

ያኔ ነው ተይው፣ ወደ እኔ ላኪው ያልኸኝ። ርካሽ ፕሮግራም ገዝቻለሁ፣ ዝምታ ያለበትን ቦታ ራሱ እየፈለገ ይቆርጣል፣ አባባ ደግሞ ሲናገሩ ዝምታ ስለሚያበዙ ሰው ይሰለቻል አልኸኝ። እውነቴን ነው፣ ስልኩን ዘግቼ ወንድም እንዲህ ነው ብዬ መረቅሁህ። ምስሉን ሁሉ ላክሁልህ።

መጋቢት ላይ አባባ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ፤ ምላሳቸው ተያዘ፤ ከዚያ ሁሉ ቅኔ አንዳንድ ቃል ብቻ ቀረላቸው። ይህን ታውቃለህ፤ በስልክ አልቅሰሃል። እኔ እሳቸውን ሳስታምም አንተ ፊልሙን በቀጥታ ለአካለ ወልድ ልከህለት ኖሮ፣ እኔ ሳላየው ቀኑ ደረሰ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር፤ አባባንም ደግፈን ወስደን ከፊት አስቀምጠናቸዋል። ቄሱም፣ ዲያቆኑም፣ ከቅኔ ቤት ወጥቶ ዳኛ የሆነውም እየመጣ ጉልበታቸውን ሳመ። መብራት ጠፋና ፊልሙ ጀመረ። አባባ እንዴት እንደሚያስተምሩ አንተም ቀምሰኸዋል፤ ጠይቀው ዝም ይላሉ፣ ተማሪውን እስኪያልበው ይጠብቁታል። በፊልሙ ላይ ግን ትንፋሽ ሳይወስዱ እንደ በሬ ደላላ ይለፈልፋሉ። ከኋላዬ አንድ ቄስ የኔታ ጎረመሱ እንዴ ብለው ሳቁ። እኔም ፈገግ አልሁ፤ የሚቆጭዎ ነገር አለ ወይ ብዬ የጠየቅኋቸው ቦታ እስኪደርስ ድረስ።

ጥያቄዬ ተሰማ። ቀጥሎ የጮቄ ተራራ ፎቶ መጣ፣ በገና ተደረደረ፣ ከዚያ አባባ ተመልሰው ሕዝቡን ሲመርቁ ታዩ። ሰው አጨበጨበ። አባባ ወደ እኔ ዞረው የለም አሉኝ። ቤት ከገባንም በኋላ የለም እያሉ ወደ ስልኬ ያመለክታሉ። ዋናውን ምስል ከፍቼ እዚያ ቦታ ላይ ሳደርሰው አዎ ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

እዚያ ቦታ ላይ ያለውን አንተም አሳምረህ ታውቀዋለህ፤ እኔ ግን እጽፍልሃለሁ፤ በጽሑፍ አንብበው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ፣ ባለቤቴ ስትቀበር ልጄ አልመጣም አሉ። ለለቀስተኛው መንገድ ተዘግቶበት ነው ብዬ ተናገርሁ፤ መንገዱ አልተዘጋም ነበር፤ በዋሸሁበት አፍ ማስተማሬ ይቆጨኛል አሉ። ከዚያ አንተን የሚያዩ ይመስል ቀና ብለው፣ ልጄ፣ ለምን እንደቀረህ አልጠይቅህም፣ እኔ ይቅር ብዬሃለሁ፣ እናትህም ይቅር ብላሃለች፣ ና አሉህ። ሲቀረጽ ስልኩን ይዤ እያለቀስሁ ነበር። ይህን ሲሰማ ይመጣል ብዬ ጠብቄህ ነበር። ደውለህ ስለ ጥራቱና ስለ መብራቱ አውርተህ ስለዚህ ምንም ሳትል ስትቀር፣ አፍሮ ነው ብዬ ተውሁህ።

ያን ማታ አባባ ይህን ቦታ አይተው ሲጨርሱ በግራ እጃቸው ስልኩን ይዘው ሰማ ወይ አሉኝ። እኔ ሞኟ፣ ደስ የሚላቸው መስሎኝ፣ አዎ፣ ሁሉንም ሰምቶታል አልኋቸው። ስልኩን መለሱልኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስምህን አንሥተው አያውቁም። ሰምቶ ጣለው ብለው ነው የሚያምኑት። ይቅርታ ሰጥቼው አልፈልግም አለኝ ብለው ነው የተኙት።

በማግስቱ ስደውልልህ ፕሮግራሙ ነው አልኸኝ። አውቶማቲክ ነው፣ ዝምታ ሲያገኝ ይቆርጣል፣ ከዝምታው ጋር ወስዶት ይሆናል፣ እኔ ምን ላድርግ አልኸኝ። አመንሁህ። እንዲያውም ጥፋቱ የማሽኑ ነው ብዬ ለአባባ አስረዳሁ። ዐይናቸውን ጨፈኑ።

ቆየት ብሎ ዘመነ በቫይረሱ ነገር ተጸጽቶ፣ ለእኔ አሮጌ ኮምፒውተር የሚሆን፣ ክፍያ የማይጠይቅ፣ በሰው ግንባር ላይ የማይጽፍ ፕሮግራም አገኘልኝ። ቀስ ይላል፤ መብራት በሄደ ቁጥር ከተወበት መጀመር ነው፤ ግን ይሠራል። ዝምታ መቁረጫም አለው። አባባን ሰጠሁት። ዝምታቸውን ሁሉ ለቅሞ አወጣ፤ ቃላቸውን ግን አንድም አልነካ። ቃላቸው ቀርቶ ከአጥር ውጭ የጮኸውን ውሻ እንኳ አልቆረጠውም፤ ድምፅ ነዋ። እንዳልሳሳት ደጋግሜ ሞከርሁት። ሁልጊዜም አባባ ይቅር ብዬሃለሁ ይላሉ። የጮቄ ፎቶ የሚባል ነገር አልመጣም፤ በገናም አልተደረደረም።

ማሽን በገና ይመርጣል እንዴ ወንድሜ? ያን ፎቶ ያነሣኸው አንተው ራስህ ነህ፤ ከስንት ዓመት በፊት፣ በእግራችን የወጣን ጊዜ። ፈልገህ አውጥተህ፣ ለክተህ፣ አባታችን አፍ ላይ ለጠፍኸው። እኔን ደግሞ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ሰደድኸኝ፤ ይኸው ስንት ሳምንት ሙሉ ምስኪኑን ፕሮግራም ስረግም ከረምሁ።

የሚያንገበግበኝ ማፈርህ አይደለም። ያ ሁሉ ሰው ፊት እንዳይታይ ብትፈልግ አንድ ቃል ብትነግረኝ እኔው አወጣልህ ነበር፤ ማንም አይሰማም ነበር። ለሕዝብ አይታይ ማለት ሌላ፣ ለአባት ሰምቻለሁ አለማለት ሌላ። ከጥር እስከ መጋቢት አባባ አፍ ነበራቸው። ደውለህ አባባ ብቻ ብትላቸው የቀረውን እሳቸው ይጨርሱልህ ነበር። ያን ጊዜ ሁሉ አንተ በገና ስትመርጥ ነበር።

እናታችን ስትቀበር ለምን እንደቀረህ እኔም አልጠይቅህም። እሳቸው የተዉትን እኔ ማን ሆኜ እጠይቃለሁ። የሺዋስ ያን ዕለት ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በደጀን በኩል መጥቶ ለቀብሯ ደርሷል፤ ደብዳቤውን ከእሱ እጅ መቀበሉ ሊከብድህ ይችላል። ይክበድህ።

ከፖስታው ውስጥ ያለው ፍላሽ ላይ እኔ የሠራሁት ፊልም አለ። አልተዋበም፤ አንዳንድ ቦታ ምስሉ ይዘላል። የአባባን ዝምታ ግን አንድም ሳልቆርጥ እንዳለ ትቼዋለሁ። ለአካለ ወልድም ለማንም አልሰጠሁትም፤ ለአንተ ብቻ ነው።

ሐኪሙ ሰኞ ዕለት ወደ ቤታቸው ውሰዷቸው አለን። መድኃኒት አልጻፈልንም። የንስሐ አባታቸው በየቀኑ ይመጣሉ፤ አክስታችን ሥራነሽም ቤቷን ዘግታ እዚሁ ናት። ጆሯቸው ግን እንደ ድሮው ነው፤ ሁሉን ይሰማሉ። ስልክ ልያዝላቸው ብትለኝ አልይዝልህም፤ በስልክ የመጣው በቅቷቸዋል። የሺዋስ ሐሙስ ይመለሳል፤ አንድ ወንበር እንዲያስቀር ነግሬዋለሁ።

ሥራነሽ ሰላም ብላሃለች። ጎረቤቶቹም ሁሉ ይጠይቁሃል። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት እንዳይሆንብኝ እንጂ እኔም ልመርቅህ፤ እግዚአብሔር ልጆችህን ያሳድግልህ፤ ቤትህን ይጠብቅልህ፤ ልብህን ያራራልህ።

ወረቀቱን ሳላጥፈው፣ ለልጅዎ እየጻፍሁ ነው፣ ምን ልበልልዎ ብዬ አባባን ጠየቅኋቸው። ምላሳቸው ብዙ ታገለና ብርድ አሉኝ። በርዷቸው መስሎኝ ጋቢ ልደርብላቸው ስል እጄን ገፍተው ወደ ወረቀቱ አመለከቱኝ። የአገራችንን ሐምሌ ረስተኸው ይሆናል ብለው ነው። ወፍራም ልብስ ይዘህ ና።

እህትህ