አጎትሽ ያቃጠለው ፊልም

ለልጄ፣ ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኔ እግዜር ይመስገን አለሁ፣ ይህም መኖር ከተባለ።

የወንድምሽን መርዶ ከመሥሪያ ቤቱ ሰዎች የሰማሁ ቀን የፊልም ማሳያ መሣሪያው ጠረጴዛ ላይ፣ አንሶላውም ግድግዳው ላይ እንደተወጠረ ነበር። ሰው የጣላቸውን፣ ከጣት የቀጠኑ አሮጌ ፊልሞች እየለቀመ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎረቤት ሲያሳይ ታውቂያለሽ። ሁልጊዜ ከመሣሪያው ኋላ ስለሚቆም እሱ ራሱ ያለበት ፊልም አንድ ብቻ ነው፤ አንቺን ብስክሌት ላይ አስቀምጦ ሲገፋ አባታችሁ ያነሳው።

ትናንት አጎትሽ ይህንኑ ፊልም «እኔ አሳይሻለሁ» ብሎ መጣ። ወንድምሽ ዞር ብሎ መሳቅ ሲጀምር «ቆይ ቆይ፣ እስቲ ልየው!» ብሎ ፊልሙን አቆመው። መሣሪያው ከቆመ አምፖሉ ፊልሙን እንደሚያቃጥል የጎረቤት ሕፃን እንኳ ያውቃል። «ልቀቀው አንተ ሰው!» ብዬ ስጮህ የልጄ ፊት ጠቁሮ፣ አረፋ አውጥቶ ተበሳ። አሁን ፊቱን ሊያዞር ሲል ፊልሙ ይበጠሳል።

«እታለም፣ ቁራጭ ናት እኮ» ይለኛል። እጁን ይቁረጠውና! «ያንተ ፊት ይቆረጥ!» አልኩት። አንቺም ደግሞ «ፎቶ አለ አይደል» እንዳትዪኝ። ፎቶ ዞሮ አይስቅም።

ለመሆኑ ወንድምሽ ሲስቅ የሚሰረጉደው የቀኝ ጉንጩ ነው የግራው? ቶሎ ጻፊልኝ። አጎትሽ ምን እንዳጠፋ እንዲያውቅ ልነግረው ብዬ ነው እንጂ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ አንቺም የምታነቢላቸውም፣ ልጄን ነፍሱን ይማር በሉልኝ።

እናትሽ