ከወንድምሽ ቀጥሎ አባቴን

እህት ዓለም፣
ሾርባው ድስቱ ውስጥ ነው፤ አሙቀሽ ብዪ።
የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ ስለሚያፈስ ዘግቼዋለሁ።

አባቴን ድንገት ለቀዶ ጥገና ሊያስገቡት ነው ብለው ደወሉልኝ። ወደ ሆስፒታል እየሮጥኩ ነው።

ትናንት ስለ ጠፋው ወንድምሽ ስትጸልዪ፣ "ሰሚ ቢኖር እስካሁን ይመለስ ነበር" አልኩሽ። አንቺም ቀና ብለሽ አየሽኝና፣ "የምጠብቀው ብቻዬን አይደለም" ብለሽ ተነሳሽ። ከዚያ የእኔን የሥራ ልብስ መተኮስ ጀመርሽ። ይቅርታ እንኳ ሳልልሽ ተኛሁ።

አሁን ስልኩን እንደዘጋሁ ከእኔ አልጋ ተነስቼ አልጋሽ አጠገብ ተንበረከክሁ። "ጌታ ሆይ" ብዬ ተነሳሁ። በምን አፌ ልለምን?

ስትጸልዪ ከወንድምሽ ቀጥሎ አባቴን ጥሪልኝ። እኔ ለአባቴ መለመን አፍሬአለሁ።
ለወንድምሽ ግን እዚያ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ እለምናለሁ።