ኦቦ ገመቹ ያልሰሙት ምስክር

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 6

ዛሬም ችሎቱ ውስጥ ለአስተርጓሚ ወንበር የለም። ቆሜ አስተረጎምኩ። ሁለት የድንበር ክርክር፣ አንድ የጠፋ ወይፈን። ለወትሮው ይኸው ነው። አራተኛው ግን፣ ደብተሬ፣ ስሚኝማ። ኦቦ ገመቹ ይባላሉ፣ የደንዲ ገበሬ። ገበሬ ማኅበሩ የጤፍ ማሳቸውን ለሌላ ሰው ሰጠባቸው። ስብሰባው በዝግ፣ የሰጠበት ምክንያትም በዝግ። አምቦ ድረስ ይግባኝ ብለው የመጡት ያንኑ ምክንያት ለማወቅ ነው። የችሎቱ ዳኛ፣ ጓድ ሰብሳቢ፣ አቤቱታቸውን ጠየቋቸው። አንድ ቃል ብቻ፦ «ማሊፍ?»

«ለምን?» ብዬ አስተረጎምኩ። እንዲህ ያለ አጭር አቤቱታ ገጥሞኝ አያውቅም። እኔም ለምን እንደሆነ ማወቅ አማረኝ። ለሐሙስ ተቀጠረ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 8

ጠዋት በረንዳው ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወሬ እወዳለሁ፣ ምን ላድርግ። ባኮ የነበረው ወንድማቸው አምና ሞቷል። ሚስቱ ሌላ ባል አገባች፣ በቆሎውን የሚያርሰው እሱ ነው። ኦቦ ገመቹ ከቀብሩ ወዲህ ባኮን አላዩም። ይህን የምጽፍልሽ በምክንያት ነው፣ ቆይ።

ገባን። የገ/ማኅበሩ ምስክር ስለሚፈራ በዝግ ይሰማ ተባለ። ኦቦ ገመቹ ውጡ ተባሉ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ግን ቀረ። እኔም ቀረሁ፣ ምስክሩ አማርኛ አይችልም። ያለው ይኸው ነው፦ ገመቹ ባኮ ላይ ከወንድሙ ጋር ሁለተኛ እርሻ ያርሳል፣ ስለዚህ አንዱ ለሌለው ተሰጠ። አለቀ! ከሞተ ወንድሙ ጋር! ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ወዲያው ደግሞ ተናደድኩ። መልሱን የያዙት ኦቦ ገመቹ የተባለባቸውን አልሰሙም። ሁለቱንም የማውቅ እኔ ብቻ።

ስንወጣ በረንዳው ባዶ። ሄደዋል። ማክሰኞ ካልቀረቡ መዝገቡ ይዘጋል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 10፣ ማታ

በአውቶቡስ ጊንጪ፣ ከዚያም በእግር ኦቦ ገመቹ ቤት ደርሼ መጣሁ። እግሬ አብጧል። ቀጠሮውን መናገር ሚስጥር ማውጣት አይደለም አይደል? ለምን ጥለው እንደሄዱ ጠየቅኳቸው። እንደ ሕፃን አዩኝ።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ሽማግሌ ሲመክር ሁለቱንም ባላጋራ ያስወጣል። አንዱን አስቀርቶ አንዱን ካስወጣ፣ የቀረው ረትቷል። ምን ልጠብቅ?»

ስንት ሰው እንዲህ ሲወጣ ቆሜ አይቻለሁ! አንድ ቀን እንኳ አላሰብኩትም። መዝገቡ ገና አልተዘጋም፣ ማክሰኞ ይምጡ አልኳቸው። ያ ሰው ምን አለ አሉኝ። ቃሉ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩት። አፈርኩ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 12

ጓድ ሰብሳቢን ለብቻቸው አናገርኳቸው። የምስክሩ ስም ይቅር፣ ያለው ብቻ ይነገራቸው አልኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ተቆጡ። በዝግ የተሰማ በዝግ ይቀራል። አስተርጓሚ ነሽ ወይስ ጠበቃ? አሉኝ። ታይፒስቷ እታገኝ ደግሞ እንጀራሽን ጠገብሽው ወይ ብላ ሳቀችብኝ። የሳቋ ነገር ግን ደስ አላለኝም። እናቴን የማኖረው በዚችው ደመወዝ ነው።

አንድ ነገር ግን ውስጤን ይበላኛል። ስቀጠር ሳልጨምር ሳልቀንስ ብዬ ምያለሁ። ከአንዱ ጆሮ ሙሉውን ምስክርነት ካስቀረሁ፣ ከዚህ በላይ መቀነስ ምንድን ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 13፣ በረንዳው ላይ

መጥተዋል! ጋቢያቸው ታጥቧል። ዝናቡ ጤፉን እንዳይጎዳው ይሰጋሉ፤ የሌላ ሰው ጤፍ ነው እኮ አሁን። ስለ ምስክሩ ዳግመኛ አልጠየቁኝም። ባይጠይቁኝ ይባስ።

ውሃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይባላል። እሳቸው የሚናገሩት ምኑን ሰምተው ነው?

ወሰንኩ። በጆሯቸው ሹክ አልልም፣ የጓሮ ነገር እሱም ዝግ ነው። ጓድ ሰብሳቢ «የምትጨምረው አለ?» ሲሏቸው፣ እኔ እቀድማለሁ። በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ሁሉም እየሰማ፣ ከሐሙስ የቀረኝ ትርጉም አለ እላለሁ። ስም አልጠራም። ስለ ባኮው እርሻ የተባለውን ብቻ። ከዚያ ካባረሩኝ ያባርሩኝ።

ፖሊሱ በሩን ከፈተ። ኦቦ ገመቹን ጠራ። ተነስተዋል፣ እኔን እየጠበቁ ነው። ልዝጋሽ፣ ደብተሬ፣ ልናገር ገባሁ።