በእኔ ፈንታ የመለስሽው

ውድ ኢልሀም፣

«ውድ» ያልኩሽ ለወጉ አይደለም። እንዲህ ያስመረርሽኝ ውድ ስለነበርሽ ነው፤ የማላውቀው ሰው ቢያደርገው ረግሜው እረሳው ነበር። ሰባት ወር ሙሉ ስልክሽን ያላነሳሁት ምን ብዬ እንደምጀምር ስላጣሁ ነው። ብናወራ ታለቅሻለሽ፤ አንቺ ስታለቅሺ ደግሞ እኔ ማባበል እጀምራለሁ። መባበል የነበረብኝ ግን እኔ ነኝ። ስለዚህ ጻፍኩልሽ።

ወደ ውጭ የወጣው ጆሮዬ ምን እንዳደረገኝ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሞጣ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ስማር «እጀታ» እያሉ የሚከተሉኝን ልጆች ድንጋይ ይዘሽ ያባረርሽልኝ አንቺ ነሽ። ቅዳሜ ቅዳሜ እናንተ ጓሮ ፀጉራችንን ስንተጣጠብ ደግሞ ክንዴ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ በጣትሽ ጫን እያደረግሽ፣ «ማስተዋል፣ ይሄ ነገር ዘንድሮም አደገ እኮ! ባቄላ ነው እንዴ የተከሉብሽ?» ትይኝ ነበር። አብረን እንስቅ ነበር።

ቢቸና መጥቼ ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ በኋላም ስድቡ አልለቀቀኝም። አንድ ጠዋት ክፍል ስገባ ተማሪዎቹ ሰሌዳው ላይ ድስት ሥለው ጠበቁኝ፤ እጀታዎቹን አጋንነው። አጥፍቼ አስተማርኩ። በእረፍት ሰዓት ሽንት ቤት ገብቼ ላንቺ ደወልኩ። «ነይ እኔ ጋ ወደ ኢስታንቡል! ጆሮሽን በቀዶ ጥገና ያስተካክሉልሻል» አልሽኝ። «እኔ እያለሁ ምን ትሆኛለሽ? ለታካሚዎች ማስተርጎም እኮ ሥራዬ ነው። ወላሂ፣ በሳምንት ውስጥ ሌላ ሰው ሆነሽ ትመለሻለሽ።»

መጣሁ።

ክሊኒኩ ውስጥ የሆነውን አንድም አልረሳሁም። ሐኪሙ ጆሮዬን ለካ፣ ፎቶ አነሳ፣ ከዚያ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ረዘም ያለ ነገር ጠየቀ። የጠየቀው አንቺን ሳይሆን እኔን እያየ ነው። አንቺ ፈገግ ብለሽ በአንድ ቃል መለስሽለት። «ምን አለ?» ስልሽ፣ «ለሁሉም የሚጠይቁት ነው። እዚህ ጋ ፈርሚ» አልሽኝ። ፈረምኩ። ክንዴ በረጅም እጅጌ ተሸፍኖ ነበር።

እውነቱን አልክድም፤ ደህና አስታመምሽኝ። ፋሻው ራሴን ጨምቆ ሲያስለቅሰኝ ሾርባ በማንኪያ አጠጥተሽኛል፤ አልጋሽን ለቀሽልኝ ወለል ላይ ተኝተሻል። ፋሻው ተፈትቶ መስተዋት ያየሁ ዕለት ከእኔ በላይ የጮህሽው አንቺ ነሽ። ቢቸና ተመልሼ ለመጀመሪያ ጊዜ ፀጉሬን ወደ ኋላ አስይዤ ክፍል ገባሁ። ማንም ምንም አላለም። ያ ዝምታ እንዴት እንደጣፈጠኝ!

በሦስተኛው ወር ከጆሮዬ ጀርባ ያሳክከኝ ጀመር። ፎቶ ስልክልሽ «ሁሉንም ያሳክካል፣ ቅባት ቀቢበት» አልሽኝ። ቀባሁ። ስፌቱ የነበረበት ቦታ ጠጠረ፤ ከዚያ አበጠ፤ ከዚያ ማደጉን ቀጠለ። በጎን መተኛት አቃተኝ። የግራው ባሰ፤ በቀዶ ጥገና ወደ ኋላ የተጠጋው ጆሮዬ ከጀርባው በበቀለው ሥጋ ተገፍቶ እንደገና ወደ ውጭ ወጣ። ሻሽ ማሰር ጀመርኩ።

ባሕር ዳር ሄድኩ። እዚያ ያገኘኋት ሐኪም ጆሮዬን አንዴ ዐየችና እጅጌዬን ሰበሰበችው። «ይህን ክንድ ሳያዩ ነው የቀደዱሽ? አንቺ እኮ ጠባሳሽ የሚያድግ ሰው ነሽ» አለችኝ።

«አልጠየቁኝም» አልኳት።

«ይህንን ሳይጠይቁማ አይቀሩም። ወረቀትሽን እስቲ አምጪው።»

በቱርክኛ የተጻፈውን በስልኳ እያስተረጎመች አነበበችልኝ። «ጠይቀውሻል። ከዚህ በፊት ያበጠ ጠባሳ አለሽ ወይ ይላል፤ የለኝም ብለሻል። ይህ ፊርማ ያንቺ አይደለም?»

«የእኔ ነው» አልኩ። ሌላ ምን እላለሁ? የተጠራሁት እኔ፣ አቤት ያልሽው አንቺ።

ያን ቀን ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ ስልክልሽ የመለስሽልኝ የድምፅ መልእክት አሁንም ስልኬ ላይ አለ። «ማስተዋልዬ፣ አላት ብል ኖሮ ይመልሱሽ ነበር። ያን ሁሉ መንገድ መጥተሽ ባዶሽን ልትመለሺ ነው? አለቃዬም ታካሚ አስመለስሽ ይለኝ ነበር። ላንቺ ብዬ ነው።» ላንቺ ብዬ! እኔን ያስመረረኝ ጠባሳው አይደለም፣ ይህ ቃል ነው። ብትነግሪኝ ምናልባት «ግድ የለም፣ ይሥሩት» እል ነበር። ሞኝነት ቢሆንም የራሴ ሞኝነት ይሆን ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ ጠባሳው ውስጥ መርፌ እወጋለሁ። ጠንካራ ስለሆነ መድኃኒቱ በግድ ነው የሚገባው፤ ጥርሴን ነክሼ እቆጥራለሁ። መንገድ ተዘግቶ ሁለት ቀጠሮ ሲያልፈኝ የሟሸሸው ተመልሶ አበጠ። በኋላ የግራውን ቆርጠው አወጡት፤ መርፌው ግን ቀጥሏል። አሁን ጠፍጣፋ ሆኗል። ጨርሶ አይጠፋም ብላኛለች። የጆሮዬ ጫፍ ብትቆነጥጪው አይሰማኝም።

ከሕክምና ስመለስ አውቶቡሱ ሞጣ ለምሳ ሲቆም እናትሽን አገኘኋቸው። «ልጄ እንዴት አድርጋ አሳመረችሽ አሉ! እስቲ ልይሽ» ብለው ሻሼን ሊገልጡ እጃቸውን ዘረጉ። ወደ ኋላ ሸሸሁ። «ብርድ መትቶኝ ነው፣ እትዬ ዓሊማ፤ ሌላ ቀን ያዩታል» አልኳቸው። ዱቄት አሸክመውኝ፣ መርቀውኝ ሄዱ። በእናትሽ ፊት ዋሸሁልሽ። ያንንም ቁጠሪልኝ።

ይህን ደብዳቤ ያጻፈኝ ሌላ ነገር ነው። ባለፈው ሳምንት ሸዋነሽ የምትባል እዚህ ባንክ የምትሠራ ልጅ ቤቴ መጣች። አፍንጫዋን ልትሠራ አንቺ ቀጠሮ አስይዘሽላታል፤ ጓደኛሽ መሆኔን ሰምታ ልትጠይቀኝ ነው። ከሐኪም በቀር ለማንም ገልጬ የማላውቀውን ሻሽ ፈታሁላት። «ንኪው» አልኳት። ነካችውና እጇን ሰበሰበች።

«ኢልሀም እኮ አንቺን እንደ ምሳሌ ነው የምትጠቅስልኝ!» አለችኝ።

በምን ፊትሽ ነው፣ ኢልሀም?

አትሂጂ አላልኳትም። እኔን አትሂጂ ያሉኝን ምን እንዳልኳቸው አስታውሳለሁ። ትናንት ተመልሳ መጥታ «እሄዳለሁ፤ የምታደርሺው ነገር ካለ ልያዝልሽ?» አለችኝ። ይህን ደብዳቤ እሰጣታለሁ። ፖስታውን አላሸግሁትም፤ «መንገድ ላይ አንብቢው» እላታለሁ። አንብባ ከተመለሰች እሰየው። አንብባ ደጃፍሽ ከደረሰች ግን ሁሉን ዐውቃ የመጣች ናት፤ ሐኪሙ ሲጠይቃት አንቺ የምትመልሺላት ምንም አይኖርም።

ይቅር አላልኩሽም። አንድ ቀን እል እንደሆነ አላውቅም። ሞጣ ከመጣሽ ግን እናትሽ ሳይሰሙ እኔ ዘንድ ነይ፤ ደጄን አልዘጋብሽም።

ማስተዋል
ከቢቸና